«ከነገጠማው» የተሸጠልኝ ምድጃ

ሽንኩርት ነው ያታለለኝ።

ጥር መገባደጃ ላይ ነው። ጠዋት ማድ ቤት ስገባ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸተኛል። እኔ ቤት አንድ ጆንያ ሽንኩርት አይጠፋምና ጆንያውን ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ለቀምኩ። ሁለት የላሸቁ አገኘሁና ጣልኩ። በማግስቱም ሸተተኝ። ነጭ ሽንኩርቱን አየሁ። ከፍሪጁ ጀርባ አየሁ። የዕቃ ማጠቢያውን ቱቦ በፈላ ውሃ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታው። ቀና ስል የለም። ጎንበስ ስል አለ። አጠገቤ ያለው ደግሞ ሽንኩርት አይደለም፤ የጋዝ ሲሊንደሩ ነው።

ጋዙ ለካ በራሱ ሽታ የለውም። ሲያፈተልክ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚከረፋ ነገር ይጨመርበታል። ከአየር ስለሚከብድም ሽቅብ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይተኛል። አሁን ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም እወጣዋለሁ። ያኔ ግን አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት በጨለማ እየገባሁ መጀመሪያ የማደርገው መብራት ማብራት ነበር። ይህን ሳስበው እስካሁን ይቀዘቅዘኛል።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። በትእዛዝ ድፎ ዳቦ እና ኬክ እጋግራለሁ፤ በጾም ደግሞ ዓሣ እሠራለሁ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ እኔ የምሠራው ለሚያዝዘኝ ነው።) ባለፈው ታኅሣሥ፣ ለገና ትእዛዝ እንዲደርስልኝ፣ ከቆጠብኩት ላይ አንድ ምድጃ ገዛሁ። ከላይ ሦስቱ በጋዝ፣ አንዱ በመብራት። ከታች ኦቨኑ በመብራት። የመረጥኩትም ለዚህ ነው፤ መብራት ሲሄድ በጋዝ፣ ጋዝ ሲያልቅ በመብራት።

የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ ጨዋ ነው፣ ቡናም ጋብዞኛል። «ከነገጠማው ነው፣ ገጠማው ነጻ ነው» አለኝ። ነጻ የሚለውን ቃል ስሰማ ደስ ይለኛል። ማን ነው የማይለው?

ገጣሚው ልጅ ምድጃውን ይዞ መጣ። ገና 43 ዓመቴ ነው፣ እሱ ግን ከበር ጀምሮ «ማዘር» አለኝ። ሥራውን በ20 ደቂቃ ጨረሰ። እንደዚህ ነው ያደረገው። ከምድጃው የሚወጣው ወፍራም ገመድ ሦስት ሽቦ አለው። ሁለቱን ከተራ ሶኬት መሰኪያ ጋር አሰረ። ቢጫና አረንጓዴውን እጥፍ አድርጎ በናስትሮ ጠቀለለው።

«ይቺስ?» አልኩት።

«ይቺ ትርፍ ናት ማዘር።»

ከዚያ ፍሪጁ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሰካው። ሲሊንደሩን ከኦቨኑ ጎን አቆመ። ጎማው ተክል የምናጠጣበትን የሚመስል፣ ምንም ያልተጻፈበት ነው። ጫፍና ጫፉን በሽቦ ጠመጠመው። በመጨረሻ ላይተር አውጥቶ የሽቦውን ዙሪያ አሰሰና «አየሽ? አይነድም» አለኝ። እኔም አጨበጨብኩለት ማለት ይቻላል። 100 ብር ለሻይ ሰጠሁት።

እሳቱ ቢጫ ነበር። ረጅም፣ የሚወዛወዝ፣ እንደ ጧፍ። አማረኝ። ሳምንት ሳይሞላ ድስቶቼ ቂጣቸው ጠቆረ። ከከሰል ተገላገልኩ ብዬ የገዛሁት ምድጃ ከከሰል ብሶ ጥላሸት ለበሰብኝ። በብረት ሱፍ እየፈተግኩ እጄ ተላጠ። ሌላው ደግሞ መንዘሩ ነው። እጄ እርጥብ ሆኖ፣ በባዶ እግሬ የኦቨኑን እጀታ ስይዝ ጣቶቼን ውርር ያደርገኛል። ለባለቤቴ ነገርኩት። «ጫማ አድርጊ» አለኝ። ሱቁ ደወልኩ። «አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ያደርጋል፣ እየቆየ ይለምዳል» አሉኝ። ማነው የሚለምደው? ምድጃው ነው እኔ?

እንግዲህ የሽንኩርቱ ነገር የመጣው በዚህ ላይ ነው። የዚያን ቀን ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ በርና መስኮት ከፈትኩ፣ ልጆቹን ጎረቤት ሰደድኩ። ሁለት ቀን በከሰል ሠራሁ። ጎረቤቴ ናት «እኔ ቤት የሠሩ አንድ ሰው አሉ» ብላ ስልክ የሰጠችኝ።

ሰውዬው ዓባይ ማዶ ነው የሚኖሩት። ጡረታ ወጥተዋል። ፖሊ ቴክኒክ ነው የተማሩት፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች ድጋፍ የተቋቋመው የኛው ፖሊ። ይህን ራሳቸው ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብለው 5 ሰዓት ነው የመጡት። አኩርፌ ነበር። ገብተው ያደረጉት ነገር ግን ኩርፊያዬን አስረሳኝ፤ ምንም አልነኩም። ምድጃውን ከግድግዳው ሳብ አድርገው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?»

«ልጄ፣ ሁሉንም ይላል። ያነበበው የለም እንጂ።»

ጽሑፉ ይህን ይላል፦ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 3.7 ኪሎዋት። ከሱ በታች ሌላ ትንሽ ወረቀት አለ፦ ጂ20፣ 20 ሚሊባር፤ ሚሊባሩ የጋዙ ግፊት ነው። ጋሼ ይቺን በጣታቸው መታ መታ አደረጓት። ጂ20 ማለት ውጭ አገር በቧንቧ በየቤቱ የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። እኛ የምንጠቀመው በሲሊንደር የሚመጣውን፣ ቡቴንና ፕሮፔን የተባሉትን ነው። የቧንቧውና የሲሊንደሩ ጋዝ አንድ አይደሉም። የሲሊንደሩ ጋዝ ጉልበቱ የበዛ ስለሆነ በጠበበ ቀዳዳ ነው መውጣት ያለበት። የኔ ምድጃ ከፋብሪካ የወጣው ለሰፊው ቀዳዳ ተሠርቶ ነው። ማንም አልቀየረውም። ለዚህ ነው እሳቱ ቢጫ የሆነው፤ ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ ያንሰዋል፣ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ድስት ላይ ይቀራል።

«ጥላሸቱስ ይታያል» አሉ። «የማይታየው ነው የሚያስፈራኝ። ከሰል ቤት ዘግተው ሲያድሩ የሚገድለው ጭስ አለ አይደል? በደንብ ያልነደደ ጋዝም እሱኑ ያወጣል።»

ከዚያ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ከምድጃው ጋር ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አልመጣም?»

መጥቷል! ታኅሣሥ ላይ ካርቶኑን ስጥል አግኝቼው የበር እጀታ መለዋወጫ መስሎኝ ነበር። እንደ ጆሮ ጌጥ የሚያብረቀርቁ ሦስት የነሐስ ፍሬዎች። ስላማሩኝ ክርና መርፌ የማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። አምጥቼ ዘረገፍኳቸው። ጋሼ ሳቁ። ኖዝል ይባላሉ። ጋሼ የማንደጃውን ክዳን አንስተው፣ በ7 ቁጥር መፍቻ ውስጥ ያለውን ፈትተው ከአዲሱ ጎን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። በመጠን አንድ ናቸው። ጎናቸው ላይ ግን ቁጥር ተቀርጿል፤ አሮጌው 115፣ አዲሱ 85። የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በመቶኛ ሚሊሜትር። ወደ መስኮቱ ዞሬ በአንድ ዓይኔ አጮለቅኩባቸው። የአንዱ ብርሃን የስፌት መርፌ ያስገባል፣ የሌላው ያንን እንኳ ያጠራጥራል። ድስቶቼን ያጠቆረው ይህችን የሚያክል ልዩነት ነው።

ሦስቱንም ቀየሩ። ከቁልፎቹ ሥር ያለችውን፣ እሳት ዝቅ ሲደረግ ልኩን የምትይዘውን ትንሽ ብሎንም በቀጭን ካቻቢቴ አጠበቁ። ሲለኮስ እሳቱ አጭር፣ ሰማያዊ፣ «ሹ» የሚል ሆነ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቢቀር ብዙ አትፍሪ አሉኝ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገር የሳሳ ነው፣ ምድጃውን የሠሩት ሰዎች ደግሞ እኛን አስበው አይደለም።

የጋዙን መስመር እንዳለ አፈረሱት። ያንን ጎማ ሲያጥፉት ተሰነጠቀ። እንደ ደረቀ ቆዳ። ሁለት ወር ብቻ ነው የቆየው! ከማፍረሳቸው በፊት ግን አንድ ነገር እንዳይ ፈለጉ። ላርጎ በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። በድሮ የጥርስ ብሩሽ ልጁ ሽቦ የጠመጠመበት ቦታ ላይ ቀቡት፣ ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈቱት። ትንሽ ቆይቶ ከሽቦው ሥር አንዲት አረፋ ብቅ አለች። ሕፃን በምራቁ እንደሚነፋት ዓይነት። አደገች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች። «ሽንኩርትሽ ይኸው» አሉኝ። ላይተሩን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «እግዜር ጠብቆሻል» ብቻ ብለው ዘጉት።

አሁን ሲሊንደሩ ማድ ቤት ውስጥ የለም። በረንዳ ላይ ነው፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው የሽቦ ሳጥን ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። አልተኛም፤ ከተኛ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው የግፊት መቀነሻ) ይገባል። መጀመሪያ እኔ የመረጥኩለት ቦታ የበረንዳው ጥግ ነበር፣ እዚያ ግን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አለ። ጋዝ ቁልቁል ስለሚወርድ ጉድጓዱን ይሞላዋል ብለው እምቢ አሉ። ሬጉሌተሩን ለቤት ምድጃ በሚሆነው፣ 28–30 ሚሊባር በሚለው ቀየሩት። ከዚያ የመዳብ ቱቦ፣ ግድግዳውን ሲያልፍ ሰፋ ባለ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ። ማድ ቤት ሲገባ እጄ የሚደርስበት ቦታ ላይ መዝጊያ አለ። ከመዝጊያው እስከ ምድጃው አጭር የጋዝ ጎማ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ፣ የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት፣ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ያለው። በትኩሱ የኦቨን ጀርባ አያልፍም፣ በጎን ነው የሚዞረው። የተገጠመበትን ወር በማርከር ግድግዳው ላይ ጻፉልኝና «ቢበዛ በ5 ዓመት ይቀየራል» አሉኝ። እንደገና ላርጎ ተቀባ፣ በየመገጣጠሚያው። አረፋ የለም።

ወደ መብራቱ ስንዞር ነው የደነገጥኩት። ዲቫይደሩን ሲነቅሉት ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። ለወጥ ልክ እንደደረሰ ሽንኩርት። ሲያሸቱት የተቃጠለ ላስቲክ። ጋሼ እስክሪብቶ ጠየቁኝና ካርቶን ላይ ጻፉ፦ የመብራቱ ማንደጃ 1,500 ዋት፣ ኦቨኑ 2,200፣ ድምሩ 3,700፤ በ220 ሲካፈል ወደ 17 አምፔር። ፍሪጁ ሳይቆጠር።

«ምጣድሽ ስንት ነው?»

«እንጃ፣ ጋሼ።»

«የአብዛኛው ሰው ምጣድ እዚሁ አካባቢ ነው። ታዲያ ምጣድ በዲቫይደር ትሰኪያለሽ?»

ምጣድ በዲቫይደር? በፍጹም! ምጣዴ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር አለው፤ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ። ምድጃው የምጣድ ወንድም መሆኑን ግን ማን ነገረኝ? ነጭ ስለሆነና መስታወት ስላለው የቴሌቪዥን ዘመድ መስሎኝ ነው የሰካሁት።

ከብሬከር ሳጥኑ ድረስ አዲስ መስመር ተዘረጋ፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለብቻው ባለ 20 አምፔር ብሬከር። መሰኪያ የለውም፤ ግድግዳው ላይ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ በእሳት ላይ ሳልንጠራራ የምደርስበት። ያቺ «ትርፍ» የተባለችው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከናስትሮዋ ተፈታች። ለካ የመሬት ሽቦ ናት። የኦቨኑ አካል ላይ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ በሷ በኩል ወደ መሬት መውረድ ሲገባው፣ መንገድ ስላጣ ነው በኔ በኩል የወረደው። ቤታችን ደግሞ ጭራሽ የመሬት መስመር የለውም ነበር። ጋሼ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ማንጎው ሥር፣ አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ቀበሩ። የኛ ሰፈር አፈር ለሐይቁ ስለሚቀርብ እርጥብ ነው፤ እርጥብ አፈር ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው አሉ። በሐይቁ ምክንያት ትንኝና ወባ ብቻ የሚደርሰኝ ይመስለኝ ነበር። በላዩም 30 ሚሊአምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር ጨመሩ። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በወር አንዴ እጫነዋለሁ፣ «ጠቅ» ብሎ ይወርዳል።

ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣውን ነፋስ የሐይቁ ዳር ሰው ያውቀዋል። በመስኮቴ ይገባና ለሽሮ ዝቅ ያደረግኩትን እሳት ያጠፋብኛል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አንዱን ማንደጃ ለኩሰው ራሳቸው «እፍ» ብለው አጠፉትና «ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ «ቀጭ» አለ። እሳቱ ሲጠፋና ጫፉ ሲቀዘቅዝ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ ነገር አለው። ሲለኮስ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ እስኪሞቅ። ልጁ ግን «አዲስ ስለሆነ ጠጠር ይላል» ነበር ያለኝ። ጋሼ ሲሄዱ በር ላይ አቁመው አስደገሙኝ፦ ከሸተተሽ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኪ፤ ለማብራትም ለማጥፋትም። ስልክ ውጭ ወጥተሽ ደውዪ።

እንግዲህ አስተያየቴ። ለምድጃው ከ10 ውስጥ 8 እሰጠዋለሁ። ኦቨኑ ወደ ኋላ በቀኝ በኩል ይበረታል፣ ድፎውን በመሐል ማዞር ያስፈልጋል። ማታ ማታ ደግሞ ዳቦው ይዘገያል፤ ይህ ግን የምድጃው ጥፋት አይደለም። ጋሼ አንድ ምሽት ሲለኩት 196 ቮልት ነበር፣ በዚህ ቮልት ኦቨኑ ጉልበቱን ከአምስት እጅ አንዱን ያጣል። ስለዚህ ትልቅ ትእዛዝ ጠዋት ነው የምጋግረው። መብራት ሲሄድም የግድግዳውን ማጥፊያ እዘጋለሁ።

ለሱቁ ገጠማ የምሰጠው ነጥብ የለኝም። ዕቃውን መሸጥ ያውቁበታል፣ ገጠማ ግን አያውቁም። ከዚያ ሱቅ ዕቃ ብገዛ እንኳ «ገጠማውን ተዉት» ነው የምላቸው።

ጋሼ ለእጃቸው 3,500 ብር ተቀበሉኝ፣ ዕቃው ለብቻ። ባለቤቴ ተወደደ ብሏል። እኔ ሁለት ድስት፣ አንድ ዲቫይደርና የፈተግኩበትን እጄን ደምሬ ዝም አልኩ። ዕቃ ሲገዙ ደረሰኙን ከነመልሱ ነው የሚያመጡት። እሁድ አይሠሩም። ሰዓት አያከብሩም። ሲሠሩ ያወራሉ፤ ቡናው እስከ በረካ ካልተፈላ ደግሞ ይቀየማሉ። የመዳብ ቱቦው ያለፈበትን የግድግዳ ቀዳዳም ዙሪያውን ሳይለስኑት ነው የሄዱት። መጋቢት አልቆም አልመጡም። ትናንት ስደውል «ለዳግማይ ትንሣኤ ልጄ፣ ሲሚንቶ አዘጋጂ» አሉኝ።